የሠርግ ካርድ በደሴ፦ ሕትመቱ ያምራል፣ ጥቅሱን ግን ራሳችሁ ምረጡ

ደሴ ፒያሳ ካሉት አነስተኛ ማተሚያ ቤቶች አንዱ የሚሠራው የሠርግ መጥሪያ ካርድ በወረቀቱም በሕትመቱም ጥሩ ነው። የሚያበላሸው ጥቅሱ ነው። ደንበኛ ሲገባ በፕላስቲክ የተለበደ አንድ ገጽ ይሰጠዋል፤ ከመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን የተቀነጫጨቡ ጥቅሶች ቁጥር ተሰጥቷቸው ተደርድረውበታል። ሙሽሮቹ ቆመው ያዩና "ሰባተኛውን አድርጉልን" ብለው ቀብድ ከፍለው ይሄዳሉ። የቤቱን ስም ያልጠቀስነው ይኸው ገጽ ከነስህተቱ በሌሎች ቤቶችም፣ ኮምቦልቻ ጭምር፣ ስለሚዞር ነው።

ዕቃውን እናስቀድም። ካርዱ የሚታተመው 300 ግራም ወረቀት ላይ ሲሆን ሲታጠፍ 13 በ18 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ወፍራም ወረቀት መጀመሪያ መስመር ካልተጫነበት ማጠፊያው ላይ ቀለሙ ይሰነጠቅና ነጩ ይወጣል፤ በተለይ ጥቁር ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ላይ ያስጠላል። እዚህ ቤት መስመሩን ሳይጭኑ አያጥፉም፤ ለዚህ ይመሰገናሉ። ወርቃማው ጽሑፍም ንጹሕ ነው፣ ፊደሉ ካላነሰ። ከ12 ነጥብ በታች ሲሆን እንደ "ዕ"፣ "ፅ" እና "ጭ" ያሉት ፊደላት ቀዳዳቸው በወርቁ ይደፈናል። ፖስታው ለብቻ ስለሚታሰብ ዋጋ ስትጠይቁ "ከነፖስታው ስንት?" በሉ።

አሁን ወደ ገጹ። መጽሐፉ 8 ምዕራፍና 117 ቁጥር ያለው የፍቅር ግጥም ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንግግር ነው ማለት ይቻላል። ሴቷ ትናገራለች (ከወንዱ ይልቅ ብዙውን የምትናገረው እሷ ናት)፣ ወንዱ ይመልሳል፣ የኢየሩሳሌም ሴቶች ልጆች መሐል ይገባሉ። "እሷም እንዲህ አለች" እያለ የሚያስተዋውቅ ተራኪ ግን የለም። ደግነቱ ዕብራይስጡም እንደ እኛ "አንተ"ን ከ"አንቺ" ስለሚለይ አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ጥቅስ ቆርጦ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው፤ ገጹን ያዘጋጀው ሰው አላየውም።

በጣም የሚመረጠውን 8፥6ን እንውሰድ። "እንደ ማኅተም በልብህ አኑረኝ" የምትለው ሴቷ ናት። ገጹ ላይ ግን "በልብሽ" ተብሎ ተለውጦ ከሙሽራው ስም ሥር ተቀምጧል። በዚያ ዘመን ማኅተም በገመድ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ወይም ጣት ላይ የሚደረግ፣ የባለቤቱ ፊርማ የሆነ ነገር ነበር፤ ሴቲቱ የምትጠይቀው ያንን ቦታ ነው። ድፍረቱ የእሷ ነውና ከሙሽሪት ስም ሥር ይግባ። ሌላው ጉድለት መቁረጫው ነው። ጥቅሱ "ፍቅር እንደ ሞት የበረታች ናት" ካለ በኋላ ወደ ቅንዓትና ወደ ሲኦል ይሄዳል፤ ገጹ ሲኦልንም ሳይቀር ይዞታል። "የበረታች ናት" ላይ አቁሙ። ቤተሰብ "ሞት" የሚለውን ቃል በሠርግ ካርድ ላይ ካልወደደ (የማይወድም ሞልቷል) ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፉ፤ ብዙ ውኃ ፍቅርን ሊያጠፋት አይችልም የሚለው ብቻውን ይቆማል። እሱንም እስከ መጨረሻው አትውሰዱት። የቁጥሩ ሁለተኛ ክፍል ሰው የቤቱን ሀብት ሁሉ ስለ ፍቅር ቢሰጥ ፈጽሞ ይናቃል ይላል፤ ጥሎሽ ላይ ሲከራከሩ የሰነበቱ ሽማግሌዎች ቢያነቡት ነገር ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ግን 5፥6 ነው። ገጹ ላይ ያለው "ለውዴ ከፈትሁለት" የሚለው ብቻ ነው፤ ሲታይ ያምራል። የቁጥሩ ቀሪ ግን እሱ ፊቱን መልሶ መሄዱን ይነግራል። ትፈልገዋለች፣ አታገኘውም፤ ቁጥር 7 ላይ የከተማ ጠባቂዎች አግኝተው ይመቷታል። ይህን በሠርግ መጥሪያ ላይ ማተም አይገባም፤ ከተጋባዦች መካከል መጽሐፉን የሚያውቅ አይጠፋም። የአገራችን የብራና ዳዊት ከመዝሙሩ ጋር መኃልየ መኃልይንም አብሮ ስለሚይዝ፣ ዳዊት የደገመ ሰው ቁርጥራጩን ሲያይ ቀሪውን በቃሉ ይጨርሰዋል። "ፍቅርን አታስነሡ" የሚለውም (2፥7፣ 3፥5 እና 8፥4 ላይ ይመላለሳል) ለጥሪ ካርድ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ገጹን ያዘጋጀው ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ለአጭር ወርቃማ ጽሑፍ 6፥3ን የሚያህል የለም፦ እኔ የውዴ ነኝ፣ ውዴም የእኔ ነው። አይሁድ ቀለበት ላይ የሚያስቀርጹት ይህንኑ ነው። 2፥16 ያንኑ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይለዋል። ሁለቱንም የምትናገረው ሴቷ ናት። ሁለቱም ሙሽሮች እንዲናገሩ ከተፈለገ በግራው ገጽ የእሱን 4፥7 (ሁለንተናሽ ውብ ነው፣ ነውር የለብሽም)፣ በቀኙ የእሷን የ5፥16 መጨረሻ (ውዴ ይህ ነው፣ ባልንጀራዬም ይህ ነው) አድርጉ። 4፥7 እሱ ከዓይኖቿ ጀምሮ የሚያወድሳት ክፍል መደምደሚያ ነው። ፀጉሯን ከገለዓድ ተራራ በሚወርድ የፍየል መንጋ ይመስለዋል፤ አምባሰልና ባቲ ሲዘፈን ለሰማ የወሎ ሰው ይህ አይከብደውም። 5፥16 ደግሞ እሷ እሱን ከራሱ እስከ እግሩ ካወደሰች በኋላ የምትዘጋበት ነው። መጽሐፉ ውስጥ የወንድ መልክ እንዲህ የሚዘረዘረው እዚህ ብቻ ነው።

በተክሊል ለሚጋቡ 3፥11ን እንመክራለን። ሰሎሞን በሠርጉ ቀን እናቱ ያቀዳጀችውን አክሊል የሚያነሣው ይህ ቁጥር ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሠርግ ቀን በግልጽ የተጠቀሰውም እዚሁ ብቻ ነው። ገጹ ላይ አለመኖሩ ይገርማል። ለእራት ጥሪ ካርድ ደግሞ የ5፥1 መጨረሻ አለ፦ ወዳጆች ሆይ፣ ብሉ። ቀጥሎ መጠጣትና መስከር ይመጣል። ደሴ ላይ ከተጋባዡ ብዙው ሙስሊም ጎረቤትና ዘመድ ነውና "ብሉ" ላይ መቆም ጨዋነት ነው።

ክረምቱ አለፈ፣ ዝናቡም አልፎ ሄደ የሚለው 2፥11 ወሩን ይፈልጋል። በእስራኤል ምድር ዝናቡ የሚጥለው በብርድ ወራት ነው፤ ግጥሙም የሚያወራው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው አበባና ስለ ዋኖስ ድምፅ ነው። ለጥር ሠርግ ይሄዳል። ከፋሲካ በኋላ ለሚደገስ ሠርግ ግን የወሎን በልግ አስቡ፤ ድንኳኑ እያፈሰሰ "ዝናቡ አልፎ ሄደ" የሚል ካርድ የያዘ ተጋባዥ ይስቅባችኋል።

ቁጥሩንም አመሳክሩ። ዕብራይስጡ ምዕራፍ 7ን ሌሎች እትሞች የምዕራፍ 6 መጨረሻ ከሚያደርጉት ቁጥር ስለሚጀምር፣ በአንዱ 7፥10 የሆነው በሌላው 7፥11 ይሆናል። ቤታችሁ ካለው መጽሐፍ ቅዱስ ጋር አስተያይታችሁ አንዱን ያዙ። ርዕሱም "መሀልየ መሀልይ" ተብሎ ሲታተም አይተናል፤ "መኃልየ መኃልይ" መሆኑን ጽፋችሁ ስጧቸው። ጥቅሱን በቴሌግራም ስትልኩ፣ የድሮ የግዕዝ ፊደል የሚጠቀም የዲዛይን ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ወደ ሳጥን ይለወጥና ባለሙያው እንደገና ይተይበዋል። አብዛኛው የፊደል ግድፈት የሚገባው ያኔ ነው፤ ስለዚህ ፎቶውንም አብራችሁ ላኩ።

የጥቅሱን ቦታ በተመለከተ ከቤቱ ጋር አንስማማም። ፖስታው ላይ ማተም ይወዳሉ፤ ፖስታ ደግሞ ተቀዶ ይጣላል። ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን የክርስቶስና የቤተ ክርስቲያን ፍቅር አድርጋ ታነበዋለች። በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የአይሁድ ሊቅ ረቢ አቂባም መጻሕፍት ሁሉ ቅዱሳን ሲሆኑ ይህ ግን ቅድስተ ቅዱሳን ነው ብሏል፤ በግብዣ ቤት እንደ ዘፈን የሚያንጎራጉሩትንም አጥብቆ ነቅፏል። ካርዱ ውስጥ፣ በግራው ገጽ ይግባ። ሁለት ሃይማኖት ላለበት ቤተሰብ መጽሐፉ ይመቻል፤ 8፥6 ላይ ካለው አከራካሪ ቃል በስተቀር የእግዚአብሔር ስም አይጠራበትም።

ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ማተሚያ ቤቶቹ ይጨናነቃሉ፤ ለጥር ሠርግ ታኅሣሥ ሳይጋመስ እዘዙ። መብራት ሲጠፋም ሥራው ይዘገያል። የታተመ ናሙና ሳታዩ አትፈርሙ፤ በስልክ የሚላከው ምስል የወርቁን መደፈን አያሳይም። ከፈረማችሁ በኋላ የተገኘ ስህተት የሚታረመው በእናንተ ወጪ ነው፤ ጥቅሱ ከገጹ የተወሰደ ቢሆንም እንኳ።