ለልጄ «ሽሮ ማክሰኞ»ን ላስተማረችው ሚስ

ሰላም የሊድስ ሐበሾች። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው ከአገር ቤት በርበሬ የሚያመጣልኝ ሰው ስፈልግ ነው። ዛሬ ግን ለምስጋና ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። መጀመሪያ የያዝኩለት አስጠኚ ወረቀት እየሰጠ ያስገለብጠው ነበር። በሦስት ወር ውስጥ የልጁ እጅ ጽሑፍ አማረ፤ አፉ ግን አልተፈታም። ገንዘቡም ሄደ። ኋላ አንዲት ጓደኛዬ ስለዚህች ሴትዮ ነገረችኝ። ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህር ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ስድስት ሰባቱን ሰብስባ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ልጆቹ «ሚስ» ይሏታል፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

የካቲት ላይ መልእክት ላከች። «የሚቀጥለው ማክሰኞ ፓንኬክ ዴይ ነው፤ እንጋግራለን» ይላል። ቀኑን ሳይ ክው አልኩ። የካቲት 10! እሁድ ቅበላ፣ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ እሷ ማክሰኞ እንቁላል በወተት ልትመታ ነው። ልጄ ደግሞ ዘንድሮ እንደሚጾም ለአያቱ በስልክ ቃል ገብቷል። እውነቱን ለመናገር «አሞታል» ብዬ ላስቀረው ነበር። ወዲያው ሁለተኛ መልእክት መጣ። የሚጾም ወይም የማይበላው ነገር ያለው ልጅ ካለ ንገሩኝ ትላለች። ነገርኳት። ደወለችና ዘይት ይቻላል ወይ፣ ማርስ፣ በአንድ መጥበሻ መጋገርስ ችግር አለው ወይ እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ።

ለማታውቁት፣ ፓንኬክ ዴይ ማለት የእንግሊዞቹ ቅበላ ነው። ጾማቸው ረቡዕ ስለሚገባ ማክሰኞ ዕለት ቤት ያለው እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ተጠራርጎ ይበላ ነበር። የቀኑ ስም «ሽሮቭ ቱዝደይ» ነው። ሽሮቭ የሚለው ለቄስ ተናዞ መፈታት ከሚል የድሮ ቃል የመጣ ነው። አሁን አብዛኛው ሰው ንስሐውን ትቶ ፓንኬኩን ይዞ ቀርቷል።

ልጄ ግን የሰማው «ሽሮ ቱዝደይ» ብሎ ነው። ጾም በገባ በማግስቱ ሽሮ መባሉ ምን ይገርመዋል! ሚስ ቶሎ ብላ አላረመችውም። «ሽሮ ምንድን ነው?» አለችው። ያ ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ ልጅ ተነስቶ በእንግሊዝኛ ሽሮ ያስረዳ ጀመር። አተር፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ሲንተከተክ የሚያወጣው ድምፅ ሳይቀር። ያን ቀን ወላጅ መቀመጥ ይችላል ስላለች ከኋላ ነበርኩ። ዓይኔን አላመንኩም።

አስተማመሯ እንዲህ ነው። የአሠራሩን ዓረፍተ ነገሮች ቆራርጣ ታመጣና ልጆቹ በቅደም ተከተል ይደረድሯቸዋል። ከዚያ አንዱ አዛዥ፣ ሌላው ታዛዥ ይሆናል። «ፖር!» ሲባል ይቀዳል፣ «ፍሊፕ!» ሲባል ይገለብጣል። ያልተባለውን ያደረገ ከመጀመሪያው ይጀምራል። «ፍላወር» ስትላቸው አንዷ የሱዳን ልጅ አበባ ሣለች። ዱቄትና አበባ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዳላቸው ማንም የማይረሳው በዚህ ነው። «ባተር» ሊጥ፣ «በተር» ቅቤ የሚለው እኔን ራሴን ስንት ዓመት አደናግሮኛል። የሊድስ ሰው ቅቤን «ቡታ» ስለሚል እዚህ ቀለል ይላል። ልጄ የራሱን የጾም ሊጥ በአጃ ወተትና በዘይት እያማሰለ «ኖ ቡታ ኢን ማይ ባተር!» እያለ ይጮኻል።

የእነሱ ፓንኬክ ስስ ነው። ሎሚ ይጨመቅበትና ስኳር ይነሰነስበታል። ልጄ አገላብጦ አየውና «ዓይን የሌለው እንጀራ» ብሎ ፈረደ። አየር ላይ ወርውሮ ሲገለብጥ የመጀመሪያው ጫማው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ተሳካ።

ከዚያ እንግሊዝ ውስጥ ያለችውን የኦልኒ ከተማን ታሪክ ነገረቻቸው። በ1445 ነው ይባላል፤ አንዲት ሴት ፓንኬክ እየጋገረች የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰማች። እንዳልረፍድ ብላ ሽርጧን እንዳደረገች፣ መጥበሻዋን እንደያዘች ሮጠች። የከተማዋ ሴቶች ዛሬም በየዓመቱ ሽርጥ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው 415 ያርድ ይሮጣሉ። ከ1950 ጀምሮ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ካለችው ሊበራል ከተማ ጋር በሰዓት ይወዳደራሉ። የሱዳኗ ልጅ ደወል ሆነች፤ ልጄ ሽርጥ ታጥቆ የወረቀት ፓንኬክ እያነጠረ አዳራሹን ዞረ።

በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አወረደች። ሰኞ የኛ ጾም፣ ረቡዕ የእንግሊዞቹ፣ በዚያው ሳምንት ረመዳን። ልጆቹ በየራሳቸው ቀለም አቀለሙት። የእነሱ ጾም 40 ቀን፣ የኛ 55 እንደሆነ ሲሰማ ልጄ «ዊ ዊን!» አለ። ልቆጣው አስቤ ሳቄ ቀደመኝ።

ሲወጡ ደግሞ ማንም ልጅ ለወላጁ በሩ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ኮቱን አያገኝም። የኔው አምስት ተናገረ።

እንግዲህ ጥቆማዬ። ከ7 እስከ 11 ዓመት ላለና እንግሊዝኛ ገና ለሚጀምር ልጅ ከልቤ እመክራታለሁ። ከሕፃናት ጋር ለሚሠሩ ሰዎች የሚወጣው የዲቢኤስ (የወንጀል መዝገብ ምርመራ) ማረጋገጫ አላት፤ ሳልጠይቃት አሳይታኛለች። ለመግቢያ ፈተና ማዘጋጀት ለምትፈልጉ ግን አትሆናችሁም፤ የቤት ሥራ እንኳ አትሰጥም። በሰዓት ቀልድ አታውቅም። የሐበሻ ቀጠሮ ሞክሬባት አምስት ደቂቃ አርፍጄ በሩን ዘግታ ጀምራ አገኘኋት።

ከፋሲካ በኋላ ሁለት ቦታ እንዳላት ነግራኛለች። ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።