«ሽታ የለውም» ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ ሳሙና ተጠንቀቁ

ጎንደሬዎች፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ፈሳሽ ሳሙና ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ እየቀዱ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። የጠየቃችሁት ዓይነት ሁሉ አላቸው፣ የለም ብሎ ነገር የለም። ከእነሱ አንዱ የሸጠልኝ ሳሙና የእናቴን እጅ አቁስሎታል። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

እናቴ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት አለርጂ አለባት። የቆዳ ሐኪሟ የምትጠቀምባቸውን ሳሙናዎች አንድ በአንድ እያስቆመ ነው የደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር ቤታችን አይገባም። ይሄንን ለሰውየው በግልጽ ነገርኩት። «ለእናቴ ነው፤ ሎሚ ያለበት ነገር ከነካት እጇ ይቆስላል» አልኩት። «እህት ዓለም፣ ይሄ ምንም ሽታ የለውም። ለሕፃን ልብስ የሚወስዱት እሱን ነው» አለኝ። ከሌላው አስበልጦ አስከፈለኝ። አሸተትኩት፤ እውነትም አይሸትም።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም። በማግስቱ ማሳከክ ጀመራት። ከዚያ ጣቶቿ መሃል ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ወጡ፣ ፈነዱ፣ ቆዳዋ ተሰነጣጠቀ። የባሰው ቀለበቷ ሥር ነው። ጣቷ አብጦ ቀለበቱ አልወጣ አለ። ሊጥ ማቡካት ቀርቶ ብርጭቆ መያዝ አቃታት።

ሃይላንዱን ይዤ ተመለስኩ። ባለሱቁ ገና አፉን ሳይከፍት ረዳቱ፣ ትንሽ ልጅ ነው፣ እውነቱን አፈረጠው። «እሱ እኮ የሎሚው ነው። ፀሐይ ላይ ቆይቶ ሽታው ስለጠፋ ነው ለብቻ ያስቀመጥነው።» ጀሪካኑንም አሳየኝ። ክዳን የለውም፤ አፉ በፌስታል ታስሯል። ጎኑ ላይ ግማሹ የተላጠ ወረቀት አለ፤ የሎሚው ሥዕል ይታያል።

ሰውየው አልደነገጠም። «ታዲያ ይሸታል? አይሸትም። ምን ዋሸሁ?» አለኝ። ቀጠለና «ሎሚ ደግሞ ማንን ገድሎ ያውቃል? ሥራ አብዝተሽባት ይሆናል እንጂ» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። እዚያው ቆሜ ከዚያው ጀሪካን ለሌላ ሴት መቅዳት ጀመረ። ሴትየዋን «አይግዙት» ስላት «ገበያዬን አትዝጊብኝ» ብሎ ጮኸብኝ።

እናቴን ያሳመማት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊሞኒን ይባላል፤ ሎሚም ውስጥ አለ። ትኩስ ሲሆን ቆዳን ያን ያህል አያስቆጣም። አየር እያገኘው ሲቆይ ግን ይለወጣል፤ አለርጂውን በኃይል የሚቀሰቅሰው ያ የተለወጠው ነው። ስለዚህ ክዳን የሌለው ያረጀ ጀሪካን ከአዲሱ ይብሳል፤ ሽታው ቢጠፋም ባይጠፋም። ደግሞ ምልክቱ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው። እነዚህ ሰዎች የሚያመልጡትም በዚህ ነው። እጅሽ ሲቆስል ሳሙናውን ማን ያስታውሰዋል?

በአውሮፓ ኅብረት የጽዳት ሳሙና ውስጥ ሊሞኒን ከ0.01 በመቶ ካለፈ ስሙ እቃው ላይ መጻፍ አለበት። ከጀሪካን ሲቀዳ ግን የሚነበብ ነገር አይኖርም። አለርጂ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ የታሸገውን ግዙ፤ ጀርባው ላይ ሊሞኒን፣ ወይም እንደሱው አለርጂ የሚያመጡ የሽታ ንጥረ ነገሮች የሆኑት ሲትራል ወይም ሊናሎል ካሉ ተዉት። ብርቱካን ወይም የልጣጩ ፍቅፋቂ ያለበት ኬክ በልቶ ከንፈሩ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ሳትቆዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ገንዘቤን አልመለሰልኝም። ሃይላንዱ እጄ ላይ ነው፤ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ከዚያ አካባቢ «ሽታ የሌለው» ተብላችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ንገሩኝና አብረን እንሂድ።