«ዋየርለስ ነው፣ ባትሪ አለው» የተባላችሁትን የጊታር አምፕ ገልብጣችሁ እዩት

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ትንንሽ የጊታር አምፖች (የጊታር ድምጽ ማጉያዎች) በብዛት እየተሸጡ ነው። ቤቱ ውስጥ ተለማምዶ፣ የተጫወተውን ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ መቅረጽ የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ሻጮችም ይህን ነቅተውበታል። ዕቃው ፌክ ቢሆን ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ «አትግዙ» ብሎ ማለፍ ነው። የአሁኑ ጨዋታ ሌላ ነው። ዕቃው ኦሪጅናል ነው። የሚሸውዷችሁ በስሙ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ የርካሹን ሞዴል ፎቶ ለጥፈው የውዱን ስም ይጽፉበታል።

ኮዬ ፈጬ እኛ ብሎክ ላይ ቸርች ጊታር የሚመታ አንድ ልጅ አለ። ያየው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «ያማሃ ቲኤችአር10 ቱ ዋየርለስ። ስላይትሊ ዩዝድ። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ፣ ብሉቱዝ፣ ለሪከርዲንግ ምርጥ።» ዋጋው ከሌሎቹ ረከስ ያለ ነው። ሲደውል «ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ቀብድ ጣልና ላስቀምጥልህ» ተባለ። በቴሌብር ላከ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ተቀጣጠሩ። ሻጩ ከመኪናው አልወረደም። ልጁ «ይሠራል?» ሲለው «ባትሪው አልቆ ነው እንጂ ምንም አልሆነም፣ ቤት ስትገባ ቻርጅ አድርገው» አለው። ቀሪውን ብር ተቀብሎ ሄደ።

ቤት ገብቶ ቢሰካው አምፑ አይነሳም። ይዞት ወደ እኔ መጣ። ገለበጥነው። ከስሩ የፕላስቲክ ክዳን አለ። ስንከፍተው የስምንት ድንጋይ ማስቀመጫ ነው፤ ያ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባው ዓይነት ድንጋይ። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያማሃ ቲኤችአር10 መጀመሪያ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። «ቱ» (II) የሚባለው በ2019 ተከተለው። የመጀመሪያው በድንጋይ ወይም በአዳፕተር ይሠራል፣ ብሉቱዝ የለውም። «ቱ»ው ብሉቱዝ አለው፣ ባትሪ ግን የለውም። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪና የገመድ አልባ መቀበያ ያለው ሦስተኛው፣ ማለትም «ቱ ዋየርለስ» ተብሎ እስከ መጨረሻው የሚጠራው ብቻ ነው። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው።

ከቅርብ ግን ይለያሉ። የአምፑን ዓይነት የምትመርጡበትን የመጀመሪያውን ቁልፍ ዙሪያ አንብቡ። በአሮጌው ላይ «ብሪት ሃይ» እና «ሞደርን» የሚሉ ጽሑፎች አሉ። በአዲሱ በነሱ ቦታ «ሃይ ጌይን» እና «ስፔሻል» ይላል። የልጁን ማስታወቂያ ከፍተን ፎቶውን አጉልተን አየነው። «ብሪት ሃይ» ቁልጭ ብሎ ይነበባል! ማስረጃው ከመጀመሪያው እዚያው ነበር። ሻጩ ሲጠየቅ «ያማሃ ነው አልኩህ፣ ያማሃ ሰጠሁህ» ብሎ ልጁን ብሎክ አደረገው።

ደግሞ እውነተኛውን ዋየርለስ ብታገኙም ከጊታሩ ላይ የሚሰካው ማስተላለፊያ ለብቻው ነው የሚሸጠው። «ዋየርለስ» ስለተባለ ያለ ገመድ የምትጫወቱ እንዳይመስላችሁ። ማስተላለፊያው አብሮ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ካለ ፎቶ ይላክላችሁ።

ይህ የስም ጨዋታ በያማሃ ብቻ አይደለም የሚሠራው። «ስፓርክ» ሲባል ስፓርክ 40 አለ፣ ስፓርክ ሚኒ አለ፣ ስፓርክ ጎ አለ። 40ው ያለ መብራት አይሠራም። ሚኒው 10 ዋት፣ ጎው 5 ዋት ሲሆኑ ሁለቱም ባትሪ አላቸው። «ካታና» ሲባልም እንደዚያው። ካታና 50 ዩኤስቢ አለው፣ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ካታና ሚኒ ግን 7 ዋት፣ በስድስት ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ አምፕ ነው፤ ዩኤስቢ የለውም። ለልምምድ ይጣፍጣል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን «በዩኤስቢ ትቀርጽበታለህ» ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ዋሽቷል። የሙሉ ስሙን ፎቶ፣ ማለትም ከጀርባው ወይም ከስሩ የተለጠፈውን ወረቀት ሳታዩ አንድ ብር አትላኩ። ያንን ፎቶ ለመላክ የሚለግም ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት።

ስለ ቅጂ ሌላ የሚነገር ውሸት አለ፦ «በብሉቱዝ ትቀርጻለህ»። ብሉቱዙ በነዚህ አምፖች ላይ የተሠራው ከስልካችሁ ሙዚቃ ወደ አምፑ ልካችሁ አብራችሁ እንድትጫወቱ ነው። ጊታራችሁን ወደ ስልክ የሚወስደው ዩኤስቢው ነው። ዩኤስቢ ቀዳዳ ስላለ ብቻም እርግጠኛ አትሁኑ፤ በርካሾቹ ላይ ቀዳዳው ለቻርጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና ሰኩት። የድምጽ ሴቲንግ ውስጥ የአምፑ ስም እንደ ማይክ ከመጣ ይቀርጻል። ዊንዶውስ ላይ አንዳንዶቹ ድራይቨር ስለሚፈልጉ ከቤት ሳትወጡ አውርዱት፤ ካልሆነ ሻጩ «ድራይቨር ስለሌለህ ነው» ብሎ ያመልጣችኋል።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ፣ ብዙ ብር የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። ቃል በቃል ነው የሚቃጠለው። የእኛ 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100። ዘመድ በሻንጣ ያመጣው አምፕ ገበያው ውስጥ ሞልቷል። የመብራት ገመዱ ቀጥታ ወደ አምፑ የሚገባ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለ እኛ ሶኬት ላይ ስትሰኩት ፊውዙ ካላዳነው ውስጡ ይቃጠላል። ሻጩ «ማስማሚያ አብሬ እሰጥሃለሁ» ይላል። ማስማሚያው የሚቀይረው የሶኬቱን ቅርጽ ነው፤ ቮልቱ ያው 220 ነው። የሚያስፈልገው 220ውን አምፑ ላይ ወደተጻፈው ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ ከባድ ዕቃ ነው፣ የሱንም ዋጋ ጨምራችሁ አስሉ። ለመንገደኛ የሚሸጡት ቀላል ኮንቨርተሮች ለፀጉር ማድረቂያ የተሠሩ ናቸው፤ ለአምፕ አትመኑዋቸው።

አምፑ በአዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን እዩ። ለልጁ የተሰጠው የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ነበር! ጫፉ ስለገባ ብቻ የሰጡት። ደግነቱ አምፑን አልጎዳውም። አምፑ ላይ የተጻፈው ቮልትና አዳፕተሩ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ከአጠገቡ ደግሞ ክብ ሆና መደመርና መቀነስ ያለባት ትንሽ ሥዕል አለች፤ እሷም በሁለቱም ላይ አንድ መሆን አለባት። ለምሳሌ የቦስ ፔዳሎች (በእግር የሚረገጡት የጊታር ድምጽ መቀየሪያዎች) መሃሉ መቀነስ ነው፤ የራውተር አዳፕተሮች ደግሞ አብዛኞቹ መሃሉ መደመር ነው።

ከተማ ዳር ላለነው የባትሪው ነገር ዋና ነው። መብራት ሲሄድ ልምምድም፣ ቅጂም አብሮ ይሄዳል። ሲመለስ ደግሞ ዘሎ ስለሚመጣ አምፑን ነቅላችሁ ትንሽ ጠብቁት። ሻጮችም «ባትሪ አለው» የሚለውን ቃል ያለ ምክንያት አይደለም የሚወዱት፤ እኛ ሰፈር ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነው።

ስለ ዋት ብዙ አልልም። «40 ዋት ስለሆነ ከ20ው እጥፍ ይጮሃል» ቢሏችሁ ሳቁ። ድምጹ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ዋቱ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ለኮንዶሚኒየም ክፍል 5 ዋትም ጎረቤት ያስነሳል።

ክራር ለምትመቱ አንድ ነገር ልበል፣ መንገዴን ብስትም። እነዚህ አምፖች የጊታር ስፒከርን ስለሚያስመስሉ የክራሩን ላይኛ ድምጽ ያደነዝዙታል። ቁልፉ ላይ «አኮስቲክ» ወይም «ፍላት» የሚል ምርጫ ያለውን ፈልጉ። ያማሃው በአሮጌውም በአዲሱም ላይ ሁለቱም አሉት።

ቀጠሮ ስትይዙ ሶኬት ያለበት ቦታ ይሁን፤ ካፌም ቢሆን ማኪያቶ አዛችሁ ሰኩት። የራሳችሁን ጊታርና ጃክ (የጊታሩን ገመድ) ያዙ። የአምፕ ዓይነት መምረጫውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። ድምጹ በየቦታው ባሕርዩን መቀየር አለበት። የሚለወጠው ጩኸቱ ብቻ ከሆነ «ሞዴሊንግ» (የተለያዩ አምፖችን ድምጽ ማስመሰል) የሚለው ቃል ማስታወቂያው ላይ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ የጊታራችሁን ቮልዩም ዜሮ አድርጉት። እምምም የሚለው ድምጽ ከጠፋ ጣጣው ከጊታሩ ነው። ከቀጠለ ከጃኩ፣ ከአምፑ ወይም ከቤቱ መብራት ነው፤ ሌላ ጃክና ሌላ ሶኬት ሞክሩ። ሱቅ ከሆነ ደረሰኙ ላይ ሙሉ የሞዴል ስሙና ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍላችሁ። «አምፕሊፋየር 1» ተብሎ የተቆረጠ ደረሰኝ ይዞ የሚከራከር ሰው የትም አይደርስም።

ልጁ አምፑን ይዞታል፣ በስምንት ድንጋይ ጥሩ ይሠራል። አሮጌው ቲኤችአር10 መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይም ይቀርጻል። በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ ቢሸጥ ኖሮ እኔም ግዛው እለው ነበር። ላፕቶፕ ያላችሁ ግን አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ጊታሩን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) መግዛትንም አስቡበት። የአምፕ ድምጽ የሚያስመስለው ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ሄድፎን ሰክታችሁ ትለማመዳላችሁ፣ እዚያው ትቀርጻላችሁ። መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ይሠራል፤ ኢንተርፌሱ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስድ ይሁን እንጂ።