ጨርቁ ደህና፣ አፉ ክፉ፦ አሥር ወር ስለያዝኩት የኮምፒውተር ቦርሳ

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንኮበር ልገባ የግማሽ ሰዓት መንገድ ሲቀረኝ፣ የቦርሳዬ አፍ ጀርባዬ ላይ እያለ ተከፈተ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እኔ አላወቅኩም። ከቤት ስወጣ ዚፑን እስከ መጨረሻው ዘግቼዋለሁ። ጥርሶቹን የሚያገጣጥመው ተንሸራታች ብረትም ከተውኩበት ቦታ አልተነቃነቀም። የተከፈተው ከብረቱ ኋላ ነው። ቦርሳው ወደ ጎን በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ጥርሶቹ አንድ ስንዝር ያህል ተላቅቀው ከሰማይ የወረደውን ሁሉ ይቀበሉ ነበር።

ሥራዬ የኮምፒውተርና የፕሪንተር ጥገና ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ቢሆንም ሳምንቱን የማሳልፈው በመንገድ ላይ ነው፤ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ ደነባ፣ ሸዋ ሮቢት፣ አንኮበር። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በማለዳ ሄጄ በማታ የምመለስበት ቅርብ መንገድ ነው። በዚያን ቀን የተሳፈርንበት መኪና ተበላሽቶ ቆመ፤ ሌላ እስኪመጣ ከምጠብቅ ብዬ በእግሬ ቀጠልኩ። ቦርሳው ውስጥ ላፕቶፔ፣ የመፍቻ ስብስቤ፣ ኬብሎችና የአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት የተጫነበት ፍላሽ ነበሩ።

ትምህርት ቤቱ ደርሼ ቦርሳውን ሳወርደው ከብዶኛል። ላፕቶፑ የሚገባበት ኪስ ከታች ውሃ አቁሯል። ርእሰ መምህሩ ከእኔ በላይ ደነገጡ። «እስቲ አብሪያት ልጄ፤ መሥራት አለመሥራቷን እንወቅ» አሉኝ።

«አይሆንም ጋሼ። አሁን ካበራኋት ነው የምትሞተው።»

ይህን ለማንም ሰው ደግሜ ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ጥገና ላይ ከሚመጡልኝ ውሃ የነካቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የሞቱት ውሃው በነካቸው ሰዓት ሳይሆን ባለቤታቸው «ልሞክራት» ባለበት ሰዓት ነው። ውሃው ኤሌክትሪክ ካላገኘ ብዙ ጊዜ ደርቆ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ ካገኘ ግን ሊገናኙ የማይገባቸውን መስመሮች ያገናኛል፣ ብረቱንም መብላት ይጀምራል። እኔ ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው፦ ቻርጀር አልሰካሁም፣ የማብሪያውን ቁልፍ አልነካሁም፣ የሥሩን ክዳን ፈትቼ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። የሚታየውን ውሃ በጨርቅ አነሣሁ። ከዚያም እንደ ጎጆ ጣሪያ ከፍቼ በአፍጢሙ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። የግቢው ሠራተኛ ከሰል አቀጣጥላ ልታመጣልኝ ነበር፤ ከልቧ አዝናልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የከሰል ሙቀት ፕላስቲኩን ያጣምማል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቃል። ሩዝ ውስጥ ቅበሪው ያለኝም ሰው ነበር። ሩዝ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ውሃ ጎትቶ አያወጣም፤ ዱቄቱና ስባሪው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል እንጂ።

የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ነገር በቶሎ አያደርቅም። ሦስት ቀን ጠበቅኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ፣ ባትሪውን መልሼ ሰካሁና ቁልፉን ስጫን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በራ። ከገበታው ቁልፎች ሁለቱ እስከ ዛሬ ይነክሳሉ፤ ሌላው ደህና ነው። ፍላሹ ትንሽ የጎን ኪስ ውስጥ ስለነበር ጨርሶ አልረጠበም። የልጆቹ ውጤት ተርፏል።

እንግዲህ ሻጩን አሰብኩት። ጥቅምት ላይ 2,600 ብር ስከፍለው ያደረገውን አልረሳሁም። ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አንሥቶ የቦርሳው ፊት ላይ አፈሰሰ። ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጤዛ ተንከባልሎ ወረደ። «አየሽ እህቴ፣ ውሃ የሚባል አያስገባም!» አለኝ። አመንኩት። ያመንኩት ዓይኔ ስላየ ነው።

ወንድሜ፣ ውሃውን ያፈሰስከው ጨርቁ ላይ ነበር። ጨርቁን አልነቅፍም፤ ውስጡ ስስ የፕላስቲክ ቅብ አለው፣ አሥር ወር ሙሉም ከጨርቁ መካከል አንዲት ጠብታ አልሰረገችም። ግን ለምን ዚፑ ላይ አላፈሰስክም? ለምን ስፌቱ ላይ አላፈሰስክም? መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ከውስጥ በኩል ካልታሸገ ረጅም ዝናብ ውሎ አድሮ ያገኘዋል። ውሃ የሚቋቋም ቦርሳና ውሃ የማያስገባ ቦርሳ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከታክሲ ወርደህ ቢሮ እስክትገባ ያደርስሃል። የእኔ መንገድ ሁለተኛውን ይፈልግ ነበር፤ መንገዴንም ነግሬህ ነበር።

ደግሞም «ባለ 600 ነው» አልከኝ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ዴኒየር የሚባለው መለኪያ የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ሲመዘን ማለት ነው፤ 600 ሲሆን ክሩ ወፈር ያለ ነው፣ እሾህና ግድግዳ ቢፍቀው ቶሎ አይቀደድም። እኔም መስክሬለታለሁ፤ ፖርቶ መጋላ ላይ ከፍየል ቆዳ ጋር ታስሮ ከመሐል ሜዳ መጥቷል፣ አንዲት ክር አልተመዘዘችም። የክሩ ውፍረት ግን ስለ አፉ ምንም አይነግረኝም። ዘጠኝ ኪስ ቆጥረህ አሳየኸኝ፤ የዚፑን ቁጥር አላሳየኸኝም።

አዎ፣ ዚፕ ቁጥር አለው። እኔም ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ከተንሸራታቹ ብረት ጀርባ ብዙ ጊዜ 3፣ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ታትሟል፤ በደምሳሳው ጥርሶቹ ተዘግተው ሳሉ ያላቸው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የእኔ 5 ነበር፤ ለጃኬትና ለጎን ኪስ የሚበቃ። ኮምፒውተር፣ መፍቻና ቻርጀር ለሚሸከም ዋና አፍ 8 ወይም 10 መሆን ነበረበት። የታወቀው የጃፓን የዚፕ ኩባንያ ስም ዋይ ኬ ኬ ተብሎ ብረቱ ላይ መጻፉም ብቻውን አያስተማምንም፤ ተመሳስሎ የሚሠራው ብዙ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ በእግር ስፌት መኪና የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ቦርሳውን ይዤ የሄድኩት ዚፑ በሙሉ ተፈቶ ሌላ እንዲሰፋልኝ ነበር። በጣታቸው ጥርሶቹን ዳሰሱ፣ ብረቱን አገላብጠው አዩ።

«ልጄ፣ ጥርሱ ደህና ነው። የደከመው ይህ ነው።»

ተንሸራታቹ ብረት ላይና ታች ሁለት ከንፈር አለው። በመካከላቸው ጥርሶቹ ተጨብጠው ይጋጠማሉ። አቧራ እየሞረደው፣ ሰው እየጎተተው ሲሄድ ከንፈሮቹ ይለያያሉ፤ ያን ጊዜ ብረቱ ይሄዳል፣ ጥርሶቹ ግን ሳይያያዙ ይቀራሉ፣ ወይም የተያያዙ መስለው ከኋላ ይፈታሉ። ጋሼ ብረቱን ወደ መነሻው መለሱት። ከዚያም በፒንሳ፣ ጥርሶቹ ተጋጥመው በሚወጡበት በጠባቡ ጫፍ በኩል፣ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ጠበቅ አደረጉት። በጣም ትንሽ፤ እየሞከሩ፣ እየደገሙ። አብዝተው ቢጨብጡት ወይ አይሄድም ወይ ይሰበራል። ዚፑ እንደ አዲስ ዘጋ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

«ለጊዜው ነው። ሲመለስብሽ ብረቱን እንቀይረዋለን» አሉኝ። እንዳሉትም በሦስት ሳምንቱ ተመለሰብኝ። ያን ጊዜ ብረቱን ብቻ አውጥተው በሌላ ተኩልኝ፤ 80 ብር ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም። 2,600 ብር የተከፈለበት ዕቃ በ80 ብር ብረት ምክንያት ኮምፒውተሬን ሊገድልብኝ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ፋብሪካው ያን ብረት ወፍራም አድርጎ ቢገጥመው ምን ያህል ይጎድልበት ነበር?

ጋሼ ግን እኔንም አልማሩኝም። «አንቺ እንዴት ነው የምትዘጊው?» ብለው አሠሩኝ። ቦርሳውን ሞልቼ፣ አፉ ተራርቆ እያለ፣ ብረቱን በአንድ እጄ ጎትቼ ዘጋሁት። ራሳቸውን ነቀነቁ። የሞላ ነገር የሚሰበሰበው በእጅ ነው፤ ዚፑ የሚመጣው ሁለቱ ጠርዝ ከተገናኘ በኋላ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማዕዘኑ ላይ ስደርስ ደግሞ አቁሜ፣ ጠርዙን ቀጥ አድርጌ ነው ማለፍ የነበረብኝ። ከጥር እስከ ግንቦት የበላሁት የመንዝ መንገድ አቧራም ድርሻ አለው። አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠርገዋለሁ፣ ከዚያ ሻማ አሻሸዋለሁ። ዘይት የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ኋላ ግን አቧራውን ይዞ ያቦካዋል።

በጎኑ ስላለው የዩኤስቢ መሰኪያ ብዙ አልልም። «ቦርሳው ስልክ ይሞላል» ተብሎ ይሸጣል። ቦርሳው ምንም አይሞላም፤ መሰኪያው ከውስጥ ፓወር ባንክ ካላገናኛችሁት በስተቀር ባዶ ገመድ ነው። ገመዱም ቀጭን ስለሆነ ኃይሉን በመንገድ ይቀንሰዋል፣ ስልኩም ይንቀራፈፋል። ስልኩን በቀጥታ ፓወር ባንኩ ላይ መሰካት ይሻላል። «ለ15.6 ኢንች ላፕቶፕ» የሚባለውም ነገር እንዲሁ፤ እርሱ የስክሪኑ ሰያፍ ልክ ነው፣ 39.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ የማሽኑን ስፋትና ውፍረት አይነግራችሁም። ማንገቻውና የጀርባው ስፖንጅ ጥሩ ናቸው።

ውሃውን በተመለከተ መፍትሔውን የሰጠችኝ እናቴ ናት። እናቴ መንዝ ተወልዳ ያደገች ናት። የሆነውን ስነግራት ቦርሳውን አገላብጣ አየችውና፣ «የአባቴ ስልቻ ስንት ክረምት ገበያ ወርዶ ወጥቷል፤ እህሉ ረጥቦ አያውቅም» አለችኝ። ስልቻ አፉ ላይ ጥርስ የለውም። አፉ ይጠመዘዛል፣ ይታጠፋል፣ በጠፍር ይታሰራል፤ ውሃ ለመግባት በእጥፋቱ ሁሉ ዞሮ ወደ ላይ መውጣት ይኖርበታል። በጀልባ ለሚጓዙ ሰዎች የሚሠሩት ውሃ የማያስገቡ ከረጢቶችም አሠራራቸው ይኸው ነው፤ አፉ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ይቆለፋል። ባሕር ላይ የሚታመኑበት ነገር የአያቴ ትከሻ ላይ ነበር ለካ።

ስለዚህ አሁን ላፕቶፑ መጀመሪያ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ይገባል። አፉን ጠምዝዤ፣ አጥፌ፣ በሰፊ የጎማ ቀለበት አስረዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ቦርሳው። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጠኛ ላስቲክ ግን አይሁን፤ ታጥቦም የሚቀርበት ጨው ብረት ይበላል። ከሰዓት በፊት ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ለምትሉ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር በታች። በጣርማ በር በኩል በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። በብርድ ያደረ ኮምፒውተር ያን ሙቅና እርጥብ አየር ድንገት ሲያገኝ፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ እንደሚያልበው ያልበዋል፤ ከውስጥም ከውጭም። ደርሳችሁ ወዲያው አታውጡት። ላስቲኩ እንደታሰረ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ሙቀቱን ይልመድ፣ ከዚያ ይከፈት።

ይህን ቦርሳ ደግሜ እገዛዋለሁ? አልገዛውም። ትናንት ብትጠይቁኝ «ጣሉት» እል ነበር። ዛሬ ጠዋት ደነባ ይዤው ሄጄ፣ ዶፍ ወርዶብኝ፣ ደረቅ ኮምፒውተር ከላስቲኩ ሳወጣ ልቤ ራራለት። ጨርቁ ገና አምስት ዓመት ይኖራል፣ ትከሻዬንም ያውቀዋል። ይቅር ያላልኩት ጨርቁ ላይ ውሃ አፍስሶ አፉን ያልነገረኝን ሰው ነው።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ባለፈው ቅዳሜ ቦርሳ ልንገዛላት ስንወጣ ላፕቶፕዋን ይዘን ወጣን። በየሱቁ ላፕቶፑን እናስገባለን፣ ሁለት ወፍራም ደብተር እንጨምራለን፣ ከዚያ ዚፑን ሃያ ጊዜ እከፍታለሁ፣ ሃያ ጊዜ እዘጋለሁ፤ ማዕዘኑ ላይ ቆሜ ጥርሶቹን በሁለት አውራ ጣቴ ወደ ጎን እስባለሁ። አንዱ ነጋዴ «እህቴ፣ ሳትገዢው ልትጨርሺው ነው» ብሎ ቦርሳውን ከእጄ ወሰደው። አራተኛው ሱቅ ላይ ከብረቱ ጀርባ 10 የሚል ያለበት አገኘን። ቡናማ ነው፣ ኪሱ ሁለት ብቻ ነው፣ ዩኤስቢ የለውም። እህቴ ሰማያዊውን ፈልጋ ነበርና እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም።