«ወርከርስ ኮምፕ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ወረቀት

ወገኖቼ፣ በተለይ ዳላስና ሂውስተን ሆናችሁ ትራክ የገዛችሁና ወደ ዌስት ቴክሳስ ነዳጅ ጉድጓዶች አሸዋና ውሃ የምታመላልሱ፣ ይህን ሳታነቡ «ወርከርስ ኮምፕ» (ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ የሚከፍል ኢንሹራንስ) ነው የተባለ ወረቀት አትፈርሙ።

ሦስት ትራክ አለኝ። ሾፌሮቼ ሚድላንድ አካባቢ ይሠራሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ኤጀንት «ለሠራተኞችህ ወርከርስ ኮምፕ በግማሽ ዋጋ ላውጣልህ» አለኝ። ወረቀቱ ላይ «ኦኩፔሽናል አክሲደንት» (የሥራ ላይ አደጋ) የሚል አየሁና ጠየቅኩት። «ያው ነው፣ ስሙ ነው የተለየው» አለኝ። አምኜ ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ አንዱ ሾፌር ልጅ ጉድጓዱ ጋ ከተሳቢው ላይ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ኦፕሬሽን ተደረገለት። ለካ ወረቀቱ የሕክምና ወጪን የሚከፍለው እስከተወሰነ ገንዘብ ድረስ ብቻ ነው። ገንዘቡ አለቀ፣ ሕክምናው ግን አላለቀም።

እውነተኛው ወርከርስ ኮምፕ እንዲህ አይደለም። ለጉዳቱ የሚያስፈልገው ሕክምና የገንዘብ ጣሪያ የለውም። ሰውዬው መሥራት ሲያቅተው ካጣው ደሞዝ ብዙውን ጊዜ 70 በመቶው ይከፈለዋል፤ ስቴቱ ያስቀመጠው የሳምንት ወሰን ግን አለ። ከሞተም ለሚስቱና ለልጆቹ ይከፈላል። ነዳጅ ሥራ ላይ ሞት ሩቅ ነገር አይደለም። ከሞት መንስኤዎቹ ዋነኛው ደግሞ የመኪና አደጋ ነው። ከፔኮስ ወደ ኒው ሜክሲኮ የሚወስደውን 285 የሚባለውን መንገድ ያየ ያውቀዋል።

ቴክሳስ የግል አሠሪን ወርከርስ ኮምፕ ግዛ ብላ አታስገድድም። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ኤጀንቱ «ግዴታ የለብህም» ሲል አልዋሸም፤ ሳይገዙ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ግን አልነገረኝም። ያ ወረቀት በሕግ ፊት ወርከርስ ኮምፕ ስላልሆነ ልጁ በቸልተኝነት ሊከሰኝ ይችላል። «አንተም አጥፍተሃል» ብዬ ካሳውን ማስቀነስ አልችልም። «የሥራ ባልደረባህ ነው ያጠፋው» ወይም «አደገኛነቱን እያወቅክ ነው የገባህበት» ማለትም አልችልም። ሕጉ እነዚህን መከራከሪያዎች ከእንዲህ ዓይነት አሠሪ ነጥቋል። ቤቴም ትራኮቼም አደጋ ላይ ናቸው ማለት ነው። ወርከርስ ኮምፕ የሌለው አሠሪ ይህንኑ ለሠራተኞቹ በጽሑፍ ማሳወቅና ለስቴቱም ሪፖርት ማድረግ እንዳለበት የሰማሁት ከአደጋው በኋላ ነው።

ወደ ኒው ሜክሲኮ፣ ወደ ካርልስባድና ሆብስ የምትሻገሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኒው ሜክሲኮ 3 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ታስገድዳለች። የቴክሳሱ ፖሊሲያችሁ እዚያም መሥራት አለመሥራቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

አንዳንድ ኤጀንቶች ሌላም ዘዴ አላቸው። እውነተኛውን ወርከርስ ኮምፕ ይሸጡላችሁና ዋጋው እንዲረክስ ሾፌሮቹን የቢሮ ጸሐፊ አድርገው ይመዘግቧቸዋል። ፕሪሚየሙ (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት) የሚሰላው በየ100 ዶላር ደሞዝ እንደ ሥራው ዓይነት ነው። ፖሊሲው ሲያልቅ ኦዲተር መጥቶ የደሞዝ መዝገባችሁን ያያል። ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ እንጂ ኤጀንቱ አይደለም። አንድ ወዳጄ እንዲህ ሆኖ ትራኩን ሸጧል።

ስለዚህ ሰርተፊኬት ብቻ አይታችሁ አትመኑ። ሙሉውን ፖሊሲ አስልካችሁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ወርከርስ ኮምፐንሴሽን» የሚለው ስም መኖሩን እዩ። የቴክሳስ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ዌብሳይት ላይ የድርጅታችሁን ስም አስገብታችሁ ሽፋን እንዳላችሁ ማረጋገጥም ትችላላችሁ። በነጻ ነው። እኔ ያን ያደረግኩት ልጁ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው፤ ስሜም አልወጣም።