ለሴፍቲኔት ልመዘገብ ቀበሌ የተመላለስኩበት

ባለቤቴ ሥራ ካቆመ አራት ወር ሆነው። የተቸገረ የከተማ ቤተሰብን የሚደግፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ልመዘገብ ቀበሌ ሄድኩ። የትኛው ቀበሌ እንደሆነ አልናገርም፣ ከጎንደር ፒያሳ ብዙ አይርቅም።

ለመስተንግዶው ከአምስት ሁለት ኮከብ። መጀመሪያ ቀን «መታወቂያሽ ጊዜው አልፏል፣ አሳድሰሽ ነይ» ተባልኩ። በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛው ቀን ደግሞ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ቁልፉን እንደያዘ ለቅሶ ሄዷል! ሳቄ ነው የመጣው።

ፕሮግራሙ በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ከእኛ ክልል ደሴ ብቻ ነበረች፣ ጎንደር የገባችው ኋላ ነው። ቸግሮኛል ማለት ብቻ አይበቃም። የሰፈር ኮሚቴ ቤታችሁ መጥቶ ስንት ነፍስ እንዳለ፣ ማን እንደሚሠራ ይጠይቃል፣ ከዚያ ስም ዝርዝር ይለጠፋል፣ ቅር ያለው አቤት ይላል። ጉልበት ያለው ጽዳትና መሰል ሥራ ይሠራል፣ አቅመ ደካማ ሳይሠራ ይደገፋል። የሚሰጠው ደግሞ ብር ነው፣ በባንክ ይገባል። እኔ እቴ ዘይትና ስንዴ መስሎኝ ዘንቢል ይዤ ነበር የሄድኩት!

ቤት የመጡት እናት ግን ወርቅ ናቸው። ቡሃቃውን ከፈት አድርገው ባዶውን አዩ፣ ምንም ሳይሉ መልሰው ከደኑና ጻፉ።

ዝርዝሩ ገና አልተለጠፈም። የምትሄዱ ካላችሁ መታወቂያችሁን ቀድማችሁ አሳድሱ፣ ኮፒውንም ከቤት ይዛችሁ ውጡ፣ እዚያ አካባቢ ያለው ኮፒ ቤት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይዘጋል።