ሰባት ዓመት የሸጥኩበት ገበያ ራሱ ተሸጠ

የምጽፈው እንደ ሻጭ ነው። የቆዳ ቦርሳና ቀበቶ በእጄ እየሰፋሁ እሸጣለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሥራዬ አብዛኛውን የሸጥኩት አንድ ሀገር በቀል የኦንላይን ገበያ ላይ ነው። አምና ገበያው ራሱ ለአንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ተሸጠ። ስሙን አልጠራም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከሽያጩ በኋላ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቴም በረድ ብሎልኛል፣ ስለዚህ አሁን ያየሁትን ብናገር ቸኮለች አልባልም።

ድሮ ብትጠይቁኝ ሳላቅማማ አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር። ዛሬ ሁለት እሰጠዋለሁ።

ስጀምር አፑ ገና ጨቅላ ነበር። ይንቀራፈፋል፣ አንድ ፎቶ ለመጫን ሦስት አራት ጊዜ መሞከር ነበረብኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጭራሽ እምቢ ይላል። ግን የሆነ ነገር ሲበላሽ መልስ የሚሰጥ ሰው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ገዢ ከፍላ ትዕዛዙ እኔ ጋ ሳይደርስ ቀረ። እሷ ትጮህብኛለች፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። "አይዞሽ እህቴ፣ ገንዘቡ እኛ ጋ ነው ያለው፣ ለሴትየዋ እኔው ደውዬ አስረዳታለሁ" አለችኝ። ደወለችላትም። ያቺ ገዢ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ገዝታኛለች።

ሌላም አለ። በእጅ የምንሠራ ሰዎች እቃችን ከፋብሪካ እቃ ጋር እየተደበላለቀ መታየት አቃተው። ሰብሰብ ብለን ጻፍንላቸው። ወር ሳይሞላ "በእጅ የተሠራ" የሚል ትንሽ ቡናማ ምልክት አመጡ። እሱን ለማግኘት የምንሠራበትን ቦታ ፎቶ አንስተን መላክ ነበረብን። እኔም መርፌዎቼን፣ ወስፌዬን፣ መዶሻዬንና ሰም የተቀባውን ክር ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ አንስቼ ላክሁ። ምልክቱ ከስሜ አጠገብ የወጣ ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

"የኛ" ነበር የምንለው። ጓደኞቼን አስመዘገብኩ። ፎቶ ማንሳት ለማይችሉት አነሳሁላቸው። ኦንላይን መግዛት የሚፈሩ ደንበኞቼን ቁጭ ብዬ አካውንት ከፈትኩላቸው። ማንም አልከፈለኝም፣ እንዲከፈለኝም አልጠበቅኩም። ገበያው ሲያድግ እኔም አድጋለሁ ብዬ ነው፣ ለጥቂት ዓመታትም እውነት ነበር።

የሽያጩ ዜና የደረሰኝ ጠዋት በኢሜይል ነው። "ውድ አጋራችን" ይላል። አራት አንቀጽ ነው፣ ሦስቱ ስለ ወደፊቱ ብሩህ ተስፋ ያወራሉ። አራተኛው ላይ "ለእናንተ ምንም የሚቀየር ነገር የለም" የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ደጋግሜ አነበብኩት። አመንኩት።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። መሥራቾቹ ሸጡ ብዬ አልቀየምኳቸውም። ልጆቹ ያለ ደመወዝ ሲሠሩ የነበሩበትን ጊዜ አውቃለሁ። የሠራውን የመሸጥ መብት ያለው ሠሪው ነው፣ እኔም ቦርሳዬን እሸጣለሁ። መሸጥ በራሱ መጥፎ ነው የሚል እምነትም የለኝም። የኒውዚላንዱን የኦንላይን ገበያ ትሬድ ሚን ተመልከቱ። ሳም ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ነው፣ በ2006 ፌርፋክስ ለተባለ የሚዲያ ኩባንያ በ700 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ተሸጠ። ከዚያ በኋላም ባለቤት ቀያይሯል። ግን ስሙም አለ፣ ገበያውም አለ። ስለዚህ ጥያቄው ማን ገዛው ብቻ አይደለም፣ ገዢው በውስጡ ያሉትን ሰዎች ምን አደረጋቸው የሚለው ነው።

እኛን ያደረጉንን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የመጣው ኮሚሽኑ ነው። ድሮ ከ100 ላይ 7 ይወስዱ ነበር። ከሽያጩ ሦስት ወር በኋላ 12 ሆነ። የክፍያ ማስተላለፊያ ተብሎ ሌላ 2 ተጨመረ። ከዚያ ማስታወቂያ መጣ። ማስታወቂያ ግዴታ አይደለም ይላሉ፣ ካልከፈልን ግን እቃችን ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው የሚወጣው፣ እዚያ ድረስ ደግሞ ማንም አይወርድም። እኔ በአማካይ ለአንድ ቦርሳ 8 ያህል ለማስታወቂያ አወጣለሁ። እስቲ እናስላው። በ100 ከሸጥኩት ቦርሳ ላይ 22ቱ ገበያው ጋ ይቀራል። ለቆዳ፣ ለዚፕ፣ ለክርና ለማሸጊያ 45 ይወጣል። የሚተርፈኝ 33 ነው። በድሮው ሂሳብ 48 ይተርፈኝ ነበር። ቦርሳው ያው ነው፣ ሁለት ቀን ይፈጃል። ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳም ያው ነው።

ዋጋ ጨምሪ ትሉኝ ይሆናል። ሞከርኩ። ከጎኔ የተደረደረው የፋብሪካ ቦርሳ ሩብ ዋጋ ነው የሚሸጠው።

ኮሚሽን መጨመር የኛ ገበያ ብቻ ችግር አይደለም። ኤትሲ በእጅ ለሚሠሩ ሰዎች ተብሎ የተከፈተ ትልቁ ገበያ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ከ100 ላይ 3.5 ነበር የሚወስደው። በዚያ ዓመት 5 አደረገው፣ በ2022 ደግሞ 6.5። ያኔ ብዙ ሻጮች ለአንድ ሳምንት ሱቃቸውን ዘግተው ተቃውመዋል። ጭማሪው ግን አልተነሳም። ኤትሲ ለሌላ ኩባንያ የተሸጠ አይደለም፣ በ2015 አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ አቀረበ እንጂ። የሆነ ሆኖ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ትርፉን ይጠይቃል፣ ትርፉም የሚመጣው ከኛ ነው። ይሄ ይገባኛል። የማይገባኝ "ምንም የሚቀየር ነገር የለም" ብሎ መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኮሚሽኑን እንኳን እችለው ነበር።

ከሽያጩ ስድስት ወር በኋላ ሁላችንንም ወደ አዲሱ ባለቤት ሲስተም አዛወሩን። እቃዎቼ ተዛወሩ፣ ፎቶዎቼ ተዛወሩ፣ የባንክ ቁጥሬም ተዛወረ። የገዢዎች አስተያየት ግን አልተዛወረም። 640 አስተያየት ነበረኝ። በማግስቱ ገጼን ስከፍት ከስሜ ስር "አዲስ ሻጭ" ይላል። ሰባት ዓመት ሠርቼ፣ አዲስ ሻጭ። ቡናማዋ ምልክትም የለችም።

አስተያየት ለገዢ ኮከብ መቁጠሪያ ሊሆን ይችላል። ለኔ ምን እንደነበረ በአንዷ ላስረዳ። አንዲት ሴትዮ የገዛችኝ ቦርሳ ከአራት ዓመት በኋላ ማሰሪያው ተበጠሰ። ይዛልኝ መጣች፣ ያለ ክፍያ ሰፋሁላት፣ ጠርዙንም ቀለም ቀባሁት። እቤቷ ገብታ አምስት መስመር ጻፈች። ያቺን አምስት መስመር ስንት ሰው እንዳነበባት አልቆጠርኩም፣ ግን ሲያዙኝ የሚጽፉልኝ መልእክት ይነግረኝ ነበር። "ያቺ ሴትዮ እንደጻፈችው፣ ከተበጠሰ ትሰፊልኛለሽ?" ይሉኛል። እሰፋለሁ እላለሁ። ይገዛሉ። የትኛውም ማስታወቂያ እንደዚያ አልሸጠልኝም። አሁን የለችም።

የት ገባች ብዬ ጠየቅኩ። መልስ የሰጠኝ ቻትቦት ነው። "ጥያቄዎን አልተረዳሁም፣ ከሚከተሉት አንዱን ይምረጡ" አለኝ። ትዕዛዝ፣ ክፍያ፣ መመለስ፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ስነካ ወደ መጀመሪያው ይመልሰኛል። አሥራ አንድ ቀን ሞከርኩ። በመጨረሻ በኢሜይል ሁለት መስመር መጣልኝ፦ የቀድሞው ሲስተም መረጃ ከአዲሱ ጋር ስለማይጣጣም ማዛወር አይቻልም። አለቀ። ፊርማ የለው፣ ስም የለው። ያቺ "አይዞሽ እህቴ" ያለችኝ ልጅ ትዝ አለችኝና ሆድ ባሰኝ። ከሥራ ከቀነሷቸው ውስጥ መሆኗን በኋላ ሰማሁ።

ታዲያ ገዢው ኩባንያ ምን ነበር የገዛው? አፑን እንዳልል ጣለው። የገዛው ደንበኛ የለመደውን መንገድ ነው። ሰው እዚህ ብገዛ አልታለልም ብሎ ማመኑን ነው። ያንን እምነት ደግሞ መሥራቾቹ ብቻቸውን አልገነቡትም፣ እያንዳንዳችን በእያንዳንዱ ጥቅል ነው የገነባነው። ከገበያው ጋር አብረን ስንሸጥ ግን የጠየቀን የለም።

ይህ ለሻጭ ብቻ የሚጎዳ ነገር አይመስለኝም፣ ለገዛውም ኩባንያ ኪሳራ ነው። ኢቤይ የሚባለው የአሜሪካ የኦንላይን ገበያ ቻይና ውስጥ የሆነውን ብዙዎች ያውቁታል። ኢችኔት የሚባል እ.ኤ.አ. በ1999 ሻንጋይ የተመሠረተ ገበያ ነበር። ኢቤይ በ2002 ሲሶውን በ30 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ በ2003 ቀሪውን በ150 ሚሊዮን ገደማ። ከዚያ የቻይናዎቹን ገበያ አንስቶ በራሱ ዓለም አቀፍ ሲስተም ውስጥ ከተተው። በዚያው በ2003 ታኦባኦ የሚባል ሌላ የቻይና ገበያ ተከፈተ። ያኔ ከሻጭ ምንም አይወስድም ነበር፣ ገዢና ሻጭ ደግሞ በቀጥታ እየተጻጻፉ ይከራከሩ፣ ይተዋወቁ ነበር። ሻጮቹ ነቅለው ሄዱ። በ2006 መጨረሻ ኢቤይ የቻይናውን ገጽ ለሽርክና አስረክቦ ወጣ። እኔ ከዚህ የምረዳው ሻጭ ከሄደ ገዢውም ተከትሎ እንደሚሄድ ነው፤ የኛዎቹ ግን ይሄን ያነበቡ አይመስለኝም፣ ወይም እኛ የምንሄድበት ታኦባኦ እንደሌለን አይተው ይሆናል።

የስም ነገርም አለ። ሱቅ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ2005 ዱባይ ተጀምሮ በአረቡ ዓለም ትልቅ የነበረ ገበያ ነው። ስሙ ለኛም እንግዳ ያልሆነ ቃል ነው፣ ሱቅ። አማዞን በ2017 በ580 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2019 ኤምሬትስ ላይ ስሙ ወደ አማዞን ተቀየረ፣ በ2021 ግብፅም ላይ እንዲሁ። እቃው ይመጣል፣ አገልግሎቱም ይሠራል፣ ግን ያ ስም የለም። የኛውም ስም በቅርቡ እንደሚነሳ ተነግሮናል።

ሁለቱ ኮከብ ለምንድነው? አንዱ ለክፍያው ነው። ድሮ ገንዘቤ እስኪገባ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት እጠብቅ ነበር፣ አሁን በየሳምንቱ ሰኞ ይገባል፣ አንድ ቀን አልዘገየም። ሁለተኛው ለአፑ ነው። ይፈጥናል፣ እቃው የት እንደደረሰ ገዢው ያያል፣ "የት ደረሰ?" የሚል የስልክ ጥሪ ቀርቶልኛል። የሚገባቸውን አልነሳቸውም።

የመመለስ ደንቡ ግን ሦስተኛውን ኮከብ ከለከለኝ። ገዢ እስከ 30 ቀን ያለ ምክንያት መመለስ ይችላል፣ የመላኪያውን ሁለቱንም መንገድ የምከፍለው እኔ ነኝ። አንድ ጥቁር ቦርሳ በ27ኛው ቀን ተመለሰልኝ። ውስጡ ሽቶ ሽቶ ይላል፣ ታችኛው ጠርዝ ተፍቋል፣ በኪሱ ውስጥ የሰው የጸጉር ማስያዣ አገኘሁ። ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ሲስተሙ ገንዘቡን ለገዢው አስቀድሞ መልሶ ነበር።

እዚያ ገና ለምትሸጡ፣ ወይም ሌላ ገበያ ላይ ሆናችሁ ተሸጠ የሚል ወሬ ለሰማችሁ፣ ዛሬውኑ አድርጉ የምለው አለኝ። የሽያጭ ታሪካችሁን አውርዱ። አስተያየቶቻችሁን አንድ በአንድ ስክሪንሾት አንሱ፣ እኔ ከ640ው ያለኝ 31 ብቻ ነው፣ እሱም ለእናቴ ላሳያት ብዬ ያነሳሁት ስለሆነ ነው። ደንቡ ከፈቀደላችሁ ጥቅሉ ውስጥ ስልካችሁ ያለበት ካርድ ጣል አድርጉ። የጀርመኑ የእጅ ሥራ ገበያ ዳዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ሊዘጋ መሆኑን ለሻጮቹ ያሳወቀው ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው፣ ወደ ኤትሲ ሂዱ ብሎ። ለብዙ ዓመታት ሥራ ሁለት ወር በጣም አጭር ነው።

አዲስ ሀገር በቀል ገበያ ለመክፈት የምታስቡ ልጆች ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ አንድ ነገር ውላችሁ ላይ ጻፉልን፦ አስተያየት የሻጩ ነው፣ ሲወጣ ይዞት ይወጣል። እሱን ከጻፋችሁ እኔ በመጀመሪያው ቀን እመዘገባለሁ። ጓደኞቼንም አመጣለሁ፣ ፎቶም አነሳላቸዋለሁ።

ማሰሪያዋን የሰፋሁላት ሴትዮ ባለፈው ወር ደወለችልኝ። ስልኬን ያገኘችው ያኔ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ካስቀመጥኩላት ካርድ ነው። ገጼን ፈልጋ አጥታ ነው የደወለችው፤ ለልጇ ተመሳሳይ ቦርሳ ትፈልጋለች። ሠርቼ በእጇ ሰጠኋት። ገበያው ላይ የቀሩኝ አሥራ አራት ቀበቶዎች ናቸው። እነሱ እስኪያልቁ ገጹን አልዘጋውም፣ ከዚያ በኋላ ግን አዲስ እቃ አልጭንበትም።